ጠባይ ነው ወይስ በሽታ? አንባቢዎች ስለ ጦርነትና ጤና ለጠየቁን

ባለፈው እትም ስለ እንቅልፍ ማጣት ከጻፍኩ ወዲህ የደረሱን ደብዳቤዎች ሲከፈቱ ስለ እንቅልፍ የሚጠይቁ ይመስላሉ፤ እስከ መጨረሻው ሲነበቡ ግን አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ ጦርነት ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ተጀምሮ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያው ስምምነት የቆመው የሰሜኑ ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ያላንኳኳው ቤት ጥቂት ነው፤ ከዚያ ወዲህም ተኩሱ በየአካባቢው ጨርሶ አልበረደም። ከደብዳቤዎቹ ሰባቱን መርጬ፣ የላኪዎቹን ማንነት የሚገልጸውን ሁሉ አውጥቼና አሳጥሬ አቅርቤያለሁ። እኔ የአእምሮ ሐኪም ብሆንም ስለ ቁስልና ስለ ስኳር የተጠየቁትን ወደ ሌላ ባለሙያ አላሳለፍኳቸውም፤ ጦርነት የሚያደርሰውን ጉዳት የአካል ነው፣ የአእምሮ ነው ብሎ ለሁለት መክፈል ለመዝገብ ቤት እንጂ ለታማሚው አይመችምና።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የ38 ዓመት ሰው ነው። ሁለት ዓመት ግንባር ከርሞ በ2015 ዓ.ም. በደኅና ሲገባ እልል ብለን ተቀበልነው። አሁን ግን አላውቀውም። ሌሊት ሦስትና አራት ጊዜ እየባነነ ተነሥቶ የግቢውን በር መቀርቀሪያ ይፈትሻል። አንድ ቀን በረዶ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው ልጆቹን ትቶ አልጋ ሥር ገብቶ አገኘሁት፤ ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን አላናገረኝም። ትንሿን ልጃችንን አያቅፋትም። በሆነ ባልሆነው ይቆጣል፣ ማታ ማታ አረቄ ይጠጣል፤ ጓደኛው ደግሞ ለእንቅልፍ ብሎ ዲያዜፓም የሚባል ክኒን ያመጣለታል። አማቴ ጸበል ይግባ ይላሉ፤ ወንድሞቹ ጠባዩ ተበላሽቷል ይላሉ። ጠባይ ነው ወይስ በሽታ? (ከወልድያ)

መልስ፦ ባለቤትዎን ሳልመረምር የመጨረሻውን ቃል መናገር አልችልም፤ የጻፉልኝ ግን የበሽታ ምልክት እንጂ የጠባይ ጉድለት አይደለም። ከደብዳቤዎ ሁሉ ይበልጥ የነገረኝ በረዶው ነው። አልጋ ሥር የገባው ልጆቹን የረሳ አባት ሳይሆን፣ ሐሳቡ ሳይደርስበት አካሉ ቀድሞ ምሽግ የገባ ሰው ነው። በአንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የምትባል የለውዝ ፍሬ የምታክል ክፍል አለች፤ ሥራዋም ነገሩ ምን እንደሆነ ገና ሳንረዳው ልባችንን ማስመታት፣ ጡንቻችንን ማወጠርና ደማችንን አድሬናሊን በሚባለው የድንጋጤ ሆርሞን መሙላት ነው። ግንባር ላይ ሰው የሚተርፈው በእሷ ነው። ለወራት ያለ ዕረፍት ስትጮህ የከረመች ደወል ግን ሰላም ሲሆን በአንድ ጊዜ ዝም ማለት አይሆንላትም። ሂፖካምፐስ የሚባለው ሌላው ክፍል ደግሞ የሆነውን ነገር ከቀኑና ከቦታው ጋር አያይዞ የሚያስቀምጥ ሲሆን፣ በከባድ ፍርሃት ጊዜ ይህን ሥራውን በቅጡ አይሠራም። ስለዚህ በዚያ ሰዓት የገባው ትዝታ ቀን ሳይጻፍበት ይቀራል፤ ተመልሶ ሲመጣም እንዳለፈ ነገር ሳይሆን አሁን እየሆነ እንዳለ ነገር ይመጣል።

ሕመሙ በሙያው ድኅረ አደጋ የጭንቀት ሕመም፣ በአሕጽሮት ፒቲኤስዲ ይባላል። በቅዠትም ሆነ በቁም የሆነው ነገር እየተመለሰ ይታያል፤ ሰውየው ያንን የሚያስታውሰውን ቦታና ወሬ ሁሉ ይሸሻል፤ ዘወትር እንደ ዘብ ነቅቶ ይውላል፣ በትንሽ ድምፅ ይበረግጋል፣ ቶሎ ይቆጣል፤ ውስጡም ደንዝዞ ደስታም ፍቅርም አልሰማ ይለዋል። ትንሿን ልጅ አለማቀፉን ከዚህ ከመጨረሻው ጋር ይዩት። ከጦርነት በተመለሱ አባቶች ዘንድ ልጅን መሸሽ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጥላቻ ሳይሆን ራስን ከማፈርና ለልጅ አልገባም ከሚል ስሜት ነው። እንዲህ ያለው ነገር ከአንድ ወር በላይ ከቆየና ኑሮን ካወከ ራሱን እስኪያስተካክል መጠበቅ አይገባም፤ እናንተ ደግሞ ዓመታት ጠብቃችኋል።

ወንድሞቹ ጠባይ ነው ማለታቸው አያስገርመኝም፤ ሐኪሞችና ጄኔራሎችም ለረጅም ጊዜ እንደዚያው ሲሉ ኖረዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር ከግንባር በመክዳትና በፈሪነት እየከሰሰ ከረሸናቸው ወታደሮች መካከል ዛሬ ታማሚ የምንላቸው ነበሩባቸው፤ 306ቱ ይቅርታ የተደረገላቸው ከ90 ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ሕመሙ በዛሬው ስሙ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መዝገብ የገባውም ከቬትናም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት ጦርነት ባለባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ ሰዎች 22 በመቶው ድብርት፣ ጭንቀት፣ ፒቲኤስዲ ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመም አለባቸው። ይህም ከአምስት ሰው አንድ ማለት ስለሆነ በሰፈርዎ ብቻዎን አይደሉም፤ ጎረቤትም እንደ እርስዎ ደብቆት ይሆናል።

አሁን ወደሚያስቸኩለው ልግባ። ዲያዜፓም ለጥቂት ቀን ያስተኛል፤ ሲውል ሲያድር ግን ሱስ ያስይዛል፣ ፒቲኤስዲን አያድንም፣ ከአረቄ ጋር ሲወሰድ ደግሞ እስትንፋስን አዳክሞ ሊገድል ይችላል። ይህን ሲያነቡ ደንግጠው ክኒኑን አይጣሉበት፤ ለሳምንታት ሲወስደው የቆየ ሰው በድንገት ካቆመው የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያስነሣበት ስለሚችል በሐኪም እየተመጠነ ነው መቀነስ ያለበት። ሁለተኛው አስቸኳይ ነገር መሣሪያ ነው። ቤታችሁ ክላሽ ካለ፣ የሚያከብረውን ዘመድ ወይም ሽማግሌ ልከው ሕመሙ እስኪሻለው ከቤት እንዲወጣ ያድርጉ። መሞትን ያስብ እንደሆነም ፊት ለፊት ይጠይቁት። ብዙ ሰው «ብጠይቀው ሐሳቡን አስገባበታለሁ» ብሎ ይፈራል፤ ጥያቄው ግን የሌለ ሐሳብ አያስገባም፣ ያለውን ያስተነፍሳል። አዎ ካለዎት በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይውሰዱት።

ለሕመሙ ፍቱን ሆነው የተገኙ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር በየሳምንቱ እየተገናኙ፣ የሸሹትን ትዝታ ቀስ በቀስ ቀንና ቦታ እንዲኖረው የሚያደርግ የንግግር ሕክምና ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ወር ይፈጃል። ሁለተኛው እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶች ናቸው፤ ለውጣቸው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ አይታይምና «አልሠራም» ተብሎ በሁለተኛው ሳምንት መቆም የለባቸውም። በአገራችን የመጀመሪያው ሕክምና ባለሙያ ስለሚያንሰው በብዙ ቦታ የሚጀመረው በሁለተኛው ነው፤ ይህ የሚያስቆጭ ቢሆንም ምንም ካለማግኘት እጅግ ይሻላል። በመጀመሪያ ወደ አካባቢዎ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይሂዱ፤ በጤና ጣቢያም የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ የሠለጠኑ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሊያገኙ ይችላሉ። በአዲስ አበባ አማኑኤልና የካ ኮተቤ ሆስፒታሎች አሉ። ሲሄዱም ፈንጂ ወይም ከባድ መሣሪያ አጠገቡ ፈንድቶ ራሱን ስቶ ያውቅ እንደሆነ ሳይጠየቅ ይናገር። የፍንዳታ ግፊት ያለ አንዳች ቁስል አንጎልን ሊያናውጥ ይችላልና የማያቋርጥ ራስ ምታት፣ መርሳት፣ የጆሮ ጩኸትና ቁጣ ከዚያም ሊመጡ ይችላሉ።

አማትዎን አይቃወሟቸው። ጸበሉም ሕክምናውም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም የኤች.አይ.ቪ. ታማሚዎች ጸበል ሲጠመቁ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ በአደባባይ ተናግረው ነበር። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጸበል ቦታ ሲገባ ክኒኑ በኪሱ ይኑር። በቤት ውስጥ ደግሞ ሲቃዥ አይነቅንቁት፤ ራቅ ብለው ቆመው በስሙ እየጠሩ፣ «ወልድያ ነህ፣ ቤትህ ነህ» እያሉ ቀስቅሱት። ከሰዓት በኋላ ቡናው ቢቀርለት፣ ጫትም ከቃመ ቢተወው እንቅልፉ ይሻሻላል። እርስዎም ሌሊቱን ሁሉ አብረውት እየነቁ እንደሆነ ከደብዳቤዎ ይታያል፤ እሱን ይዘው ሲሄዱ የራስዎን የደም ግፊትም ያስለኩ።

ጥያቄ፦ አባቴ የ66 ዓመት ሰው ናቸው። በደርግ ጊዜ ወታደር ነበሩ፤ መጋቢት 1980 ዓ.ም. ጦሩ በተሸነፈበት በአፍአበት ውጊያ እንደነበሩ እናውቃለን፣ ከዚያ በላይ አውርተውን አያውቁም። ሹፌር ሆነው ያለ አንድ ቀን ሕመም አሳደጉን። ጡረታ ከወጡና የሰሜኑ ጦርነት በቴሌቪዥን መታየት ከጀመረ ወዲህ ግን፣ ዜና ባዩበት ማታ ጫማቸውን ሳያወልቁ ይተኛሉ፤ ሌሊት እየተወራጩ የማናውቃቸውን ሰዎች ስም ይጠራሉ። ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋው ነገር እንዴት አሁን ያማል? ቴሌቪዥኑንስ እንዝጋባቸው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሕመሙ አሁን አልጀመረም ብዬ እገምታለሁ፤ አሁን የቀረው መሸፈኛው ነው። ከንጋት እስከ ምሽት መሪ ጨብጦ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ለትዝታ ጊዜ የለውም። ጡረታ ጊዜውን ሰጣቸው፣ ቴሌቪዥኑ ድምፁን ሰጣቸው። በሌሎች አገሮች የቀድሞ ወታደሮችም ላይ በእርጅና ዘመን፣ በተለይ ከጡረታ ወይም ከትዳር ጓደኛ ሞት በኋላ፣ ተኝቶ የነበረው ሕመም ሲነሣ በተደጋጋሚ ታይቷል።

የአባትዎን ትውልድ ሳስብ አንድ ነገር ይቆጨኛል። በ1983 ዓ.ም. ከአራት መቶ ሺህ በላይ ሠራዊት ተበትኖ ወደ የመጣበት ሲመለስ ለብዙዎቹ የተሰፈረላቸው እህል፣ ጥቂት ብርና የተሐድሶ ትምህርት ነበር። በዚያ ትምህርት ያለፈው መንግሥት ጥፋት ተነገራቸው እንጂ፣ ሌሊት ምን ታያለህ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። የተሸነፈ ጦር ወታደር ደግሞ ኀዘኑን እንኳ በአደባባይ የሚያወጣበት ቦታ የለውም፤ ጀግና ተብሎ አይወደስ፣ ሙቶቹን አይዘክር። አባትዎ ዝም ያሉት በዚህም ሊሆን ይችላል።

ቴሌቪዥኑን አይዝጉባቸው፤ የቤቱ አባወራ ናቸውና ውርደቱ ከዜናው ይከፋል። ይልቁንስ የማታውን ዜና የቀን ያድርጉት፤ እርስዎም አብረዋቸው ይቀመጡ፤ ሲያልቅ ዝም ብሎ ከመነሣት ቡና አፍልተው ወሬውን ወደ ሌላ ይውሰዱት። «ምን አየህ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ በእንቅልፍ ከሚጠሯቸው ሰዎች አንዱን በስሙ አንሥቶ «ማን ነበር?» ማለት ብዙ ጊዜ በር ይከፍታል፤ ስለ ጓደኛ ማውራት ስለ ራስ ከማውራት ይቀላልና። መልስ ካልሰጡ ግን አይጫኗቸው።

ሐኪም ዘንድ መሄዱ ግን አይቀርም። በዚህ ዕድሜ በእንቅልፍ እየተወራጩ መጮህ የጦርነት ቅዠት ብቻ ላይሆን ይችላል፤ አንዳንዴ ፓርኪንሰን የሚባለው፣ እጅ የሚያንቀጠቅጥና እንቅስቃሴን የሚያዘገይ ሕመም ምልክቶቹ ገና ሳይታዩ ከዓመታት በፊት በዚህ ይጀምራል። እያንኮራፉ ትንፋሽ የሚቋረጥባቸው እንደሆነም ይታይ። የደም ግፊትና ስኳርም ይመርመሩ፤ ለዓመታት ተወጥሮ የኖረ አካል ዋጋውን በልብና በደም ሥር ይከፍላል።

ጥያቄ፦ የ29 ዓመት ወጣት ነኝ። የቀኝ እግሬ ከጉልበት በታች ተቆርጧል። ሌሊት በሌለው እግሬ አውራ ጣቴ ሲጠመዘዝ፣ ሲያቃጥል ይሰማኛል። አብዷል እንዳልባል ለማንም አልተናገርኩም። በግራ ጭኔ ውስጥም ሁለት የብረት ፍንጣሪ አለ፤ ሐኪሙ ይቀመጥ ብሎኛል፣ ዘመዶቼ ግን ዝጎ ይመርዝሃል፣ እየተጓዘ ልብህ ይገባል እያሉ ያስፈራሩኛል። (ከቆቦ)

መልስ፦ አላበዱም። እግራቸው ወይም እጃቸው ከተቆረጠባቸው ሰዎች ብዙዎቹ የሌለው አካል ሲሰማቸው ይኖራሉ፤ ይህንንም የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ቁስለኞችን ያከመው ሐኪም ሲላስ ዌር ሚቸል ከ150 ዓመት በፊት በዝርዝር ጽፎታል። እግሩ ቢሄድም በአንጎል ውስጥ ያለው የእግሩ ካርታ አልተቆረጠም። ካርታው ከእግሩ ወሬ ሲጠብቅ የሚደርሰው ከተቆረጠው ነርቭ ጫፍ የሚመጣ የተዛባ መልእክት ብቻ ስለሆነ፣ ያንን እንደ መጠምዘዝና እንደ ቃጠሎ ይተረጉመዋል።

ብር የማይጠይቅ አንድ ሕክምና አለ። ቁመት ያለው መስታወት ያግኙ፤ መሬት ወይም አልጋ ላይ እግርዎን ዘርግተው ተቀምጠው መስታወቱን በሁለት እግሮችዎ መካከል፣ ፊቱን ወደ ደኅናው እግር አድርገው ያቁሙት። የተቆረጠው ከመስታወቱ ጀርባ ይደበቅ። ወደ መስታወቱ ሲመለከቱ የግራው እግር ጥላ በቀኙ ቦታ ተተክቶ ሁለት እግር ያያሉ። አሁን የግራ እግርዎን ጣቶች ቀስ ብለው ይዘርጉ፣ ይሰብስቡ፣ ቁርጭምጭሚትዎን ያዙሩ፤ በሐሳብዎም ቀኙን አብረው ያዙሩት። የተጠመዘዘው አውራ ጣት ሲፈታ የሚሰማቸው ሰዎች አሉ። እግራቸውን ባጡ የአሜሪካ ወታደሮች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥናት በቀን 15 ደቂቃ ለአራት ሳምንት የሠሩት ሕመማቸው ቀንሶላቸዋል። መጀመሪያ ሲያዩት እንባ ሊመጣ ይችላል፤ ብቻዎን ባይሆኑ ይመረጣል። ካልበቃ ሐኪም የሚያዝዘው አሚትሪፕቲሊን የተባለ መድኃኒት የነርቭ ሕመምን ያስታግሳል፣ እንቅልፍንም ይረዳል። ሕመሙ ግን በሌለው እግር ሳይሆን በተቆረጠው ጫፍ ላይ ከሆነ፣ ሲነኩት ከነዘረ፣ ወይም ቆዳው ከቀላና ከቆሰለ፣ ምክንያቱ የነርቭ እብጠት ወይም ሰው ሠራሽ እግሩ ልክ አለመሆኑ ስለሚሆን ወደ አካል ድጋፍ ማዕከል ይሂዱ። ለእርስዎ የሚቀርበው የደሴው ነው፤ በባሕር ዳር፣ በመቀሌና በአዲስ አበባም አለ።

ፍንጣሪውን በተመለከተ ሐኪምዎ ትክክል ናቸው። አካል ብረቱን በጠባሳ ከብቦ አስሮ ያስቀምጠዋል፤ ፍለጋ ብሎ ጡንቻን መሰንጠቅ ብዙ ጊዜ ከብረቱ የበለጠ ይጎዳል። ወደ ልብ የሚሄደው በደም ሥር ውስጥ የገባ ሲሆን ነው፣ ያም እጅግ ጥቂት ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው። የሚወጣው መግል ሲይዝ፣ ነርቭ ወይም ደም ሥር ሲጫን፣ ወይም መገጣጠሚያ ውስጥ ሲሆን ነው፤ እርሳስ ያለበት ብረት በመገጣጠሚያ ፈሳሽ እየሟሟ ደምን ሊመርዝ ይችላልና። የእርስዎ ጭን ላይ ነው። ነገር ግን አንድ ቀን ኤምአርአይ ምርመራ ቢታዘዝልዎ ብረት እንዳለብዎ ክፍሉ ከመግባትዎ በፊት ይናገሩ፤ ማሽኑ ኃይለኛ ማግኔት ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ 52 ዓመታቸው ነው። ስኳር የያዛቸው በመጀመሪያው የጦርነት ወር በድንጋጤ ነው። መንገድ በተዘጋ ጊዜ ኢንሱሊን አጥተን፣ አንዳንዴም ግማሽ እየሰጠናቸው አሳለፍነው። አሁን መድኃኒቱ አለ፤ እግራቸውን ግን ያቃጥላቸዋል፣ ዓይናቸውም ደብዘዝ ብሏል። የተጎዳው ይመለሳል? (ከመቀሌ)

መልስ፦ ስኳር ከድንጋጤ ይመጣል የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። በድንጋጤና በረጅም ጭንቀት ጊዜ የሚመነጩት አድሬናሊንና ኮርቲዞል የተባሉ ሆርሞኖች የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ፤ ቀድሞ ተደብቆ የነበረውንም ያወጡታል። ብቻቸውን ግን ስኳር በሽታን አይፈጥሩም። ይህን የምለው እናትዎ «የኔ በድንጋጤ ስለሆነ ሰላም ሲመጣ ይለቀኛል» ብለው መድኃኒት እንዳያቋርጡ ነው።

ዓይናቸው የደበዘዘው ስኳሩ ከፍና ዝቅ በማለቱ ከሆነ በጥቂት ሳምንታት ቁጥጥር ይጠራል፤ የዓይናቸው ውስጠኛ ግድግዳ ተጎድቶ ከሆነ ግን የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ማዳን ግን ይቻላል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው የዓይን ሐኪም ብሌኑን በጠብታ አስፍቶ ሲያየው ብቻ ነው፤ ይህ ወር ሳያልፍ ይታዩ። የእግር ማቃጠሉ የነርቭ ጉዳት ነው፤ ስኳሩ ሲስተካከል መባባሱ ይቆማል፣ ሕመሙም በመድኃኒት ይቀንሳል። ከማቃጠሉ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ቀጥሎ የሚመጣው መደንዘዝ ነው፤ የደነዘዘ እግር ሲቆስልም ሲቃጠልም አይሰማውም። ዘወትር ማታ የእናትዎን እግር ውስጡንና በጣቶቹ መካከል አጥበው፣ አድርቀው ይመልከቱ፤ ባዶ እግራቸውን አይሂዱ፣ ብርድ ነው ብለው ከከሰል አጠገብ አያስጠጉት። ለኩላሊታቸውም የሽንትና የደም ምርመራ ያሠሩ።

መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኑን በሁለት የሸክላ ገንቦ ማቆየት ይቻላል፤ ትንሹን በትልቁ ውስጥ አስቀምጠው መካከሉን በአሸዋ ሞልተው አሸዋውን ያርጥቡት፣ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልለው በትንሹ ውስጥ ያኑሩ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑ። እንደ ማቀዝቀዣ ባይሆንም ከክፍሉ ሙቀት ይጠብቀዋል። በዚያ በተዘጋው ጊዜ ኢንሱሊን አጥተው የሞቱ ሰዎች በጦርነቱ ከሞቱት ጋር መቆጠር ነበረባቸው፤ ጥይት ስላልነካቸው ብዙ ጊዜ አይቆጠሩም።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ የስምንት ዓመት ልጅ ክፍሌ አለ። ነጎድጓድ ሲሰማ ዴስክ ሥር ይገባል፤ ሁለት ጊዜ ክፍል ውስጥ ሸንቶበታል፣ ልጆቹም ይስቁበታል። በዕረፍት ሰዓት ዱላ ይዞ ሰው የመግደል ጨዋታ ብቻ ነው የሚጫወተው። ያየውን ሁሉ እንዲነግረኝ ላድርግ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አያድርጉ። የሆነውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማስተንፈስ ይጠቅማል ተብሎ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየ ዘዴ እንደማይጠቅም፣ አንዳንዶችንም እንደሚጎዳ ከታወቀ ቆይቷል። እሱ ራሱ ካወራ ግን ሥራዎን አቁመው ያድምጡት፤ «እርሳው» አይበሉት።

ልጁ የሚፈልገው ነገር ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ማወቅን ነው። ደወል ከመደወሉ በፊት ወደ እሱ ጠጋ ብለው ይንገሩት። ጀርባው ግድግዳ፣ ዓይኑ በር የሚያይበት ቦታ ያስቀምጡት። ሽንት ሲመጣበት ሳያስፈቅድ እንዲወጣ ፈቃዱ አስቀድሞ ይሰጠው፤ ቢያመልጠውም አንድ ትርፍ ቁምጣ በመሳቢያዎ ይኑርና ነገሩ ሁለታችሁ ዘንድ ይለቅ። በዚህ ዕድሜ ከድንጋጤ በኋላ ወደ ሕፃንነት መመለስ የታወቀ ነገር ነው፤ ቅጣት ያባብሰዋል። ለሚስቁት ልጆች ስለ እሱ ሳያነሡ ፍርሃት ማንንም እንደሚይዝ ይንገሯቸው፤ ከመካከላቸውም አንድ ረጋ ያለ ልጅ አብሮት እንዲቀመጥ ያድርጉ።

የግድያ ጨዋታውን አይከልክሉ። ልጅ ያየውን የሚፈጨው በጨዋታ ነው። ቆም ብለው ይዩት፤ ጨዋታው እየተለወጠ፣ አንድ ቀን ሐኪም፣ አንድ ቀን የሚያመልጥ ሰው እየገባበት ከሄደ ልጁ እየተሻለው ነው። በየቀኑ አንድ ዓይነት ከሆነና ሲጨርስ ከጀመረበት ይበልጥ ተረብሾ የሚወጣ ከሆነ ግን ባለሙያ ይፈልጋል። አኩኩሉ ስታጫውቱ ይጠንቀቁ፤ በእውነት ተደብቆ ለተረፈ ልጅ መደበቅ ጨዋታ አይደለም። ሰኞ ማክሰኞ ይሻለዋል፤ መስመሩ ይታያል፣ የሚቀጥለው እግር የት እንደሚያርፍ ይታወቃል።

እናቱን ወይም አሳዳጊውን ሳያገኙ ይህን ሁሉ ብቻዎን አይሸከሙት። ልጅ እንቅልፉም ፍርሃቱም የአሳዳጊውን ይከተላል፤ እሷ ካልታከመች እሱ አይረጋጋም። ቁርስ በልቶ ይመጣ እንደሆነም ይጠይቁ፤ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ተፈናቃይ ልጅ ሁሉ የአእምሮ ታማሚ አይደለም፣ ርቦት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ደብዳቤዋ እንዳይታተም ለጠየቀችን እህት።

መልስ፦ ደብዳቤሽን አነበብኩት፤ እንዳልሽውም አላሳተምኩትም። የደረሰብሽ በአንቺ የተፈጸመ ወንጀል ነው፤ ያንቺ ጥፋት የሆነ አንድ ነገር የለበትም። ለሌሎች አንባቢዎችም ይጠቅማልና ይህን ብቻ ልጻፍ። ተገድዶ የተደፈረ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰ ኤች.አይ.ቪ.ን የሚከላከል መድኃኒት፣ በአምስት ቀን ውስጥ ከደረሰ ደግሞ እርግዝናን የሚከላከል መድኃኒት ያገኛል፤ ሕክምናውም የፖሊስ ደብዳቤ እስኪመጣ መቆም የለበትም። ጊዜው ካለፈም የሚሠራ ብዙ ነገር አለ። የኤች.አይ.ቪ. እና የጉበት ቫይረስ ምርመራ አሁንም ያስፈልግሻል። የጻፍሽልኝ የሽንት መፍሰስ ፊስቱላ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በወሊድ ብቻ ሳይሆን እንዲህ ባለ ጥቃትም የሚመጣ፣ በቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ የሚድን ነገር ነው። የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳርና በመቀሌም አለ፣ ሕክምናውም በነፃ ነው። እዚያ ስትደርሺ ለመጀመሪያዋ ነርስ «መፍሰስ አለብኝ» ካልሽ ይበቃል፤ እንዴት እንደሆነ የምትናገሪው አንቺ ስትፈልጊ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ወንድሜ ያለበት ወረዳ ኔትወርክ በየጊዜው ይቋረጣል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቼ ስልኬ ላይ የጦርነት ቪዲዮ ሳይ ይነጋል። ልቤ እየመታ ሁለት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ገባሁ፤ ልብህ ደኅና ነው አሉኝ። ጦርነት ሳልዋጋ በጦርነት መታመሜ ያሳፍረኛል።

መልስ፦ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በቦስተን ማራቶን ቦምብ ከፈነዳ በኋላ በተደረገ ጥናት፣ በሚቀጥለው ሳምንት በቀን ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ስለ ፍንዳታው የተመለከቱና ያነበቡ ሰዎች ቦታው ላይ ከነበሩት የበለጠ የጭንቀት ምልክት አሳይተዋል። ዓይን ካየው አሚግዳላ ርቀት አትለካም። ዜናውን በቀን ሁለት ጊዜ፣ በጽሑፍ ብቻ ያንብቡ፤ ቪዲዮ በራሱ እንዳይከፈት ስልክዎን ያስተካክሉ፣ ማታ ስልኩ ሳሎን ይደር። የወንድምዎ ስልክ ሌሊት ቢመጣ እንዳያመልጥዎ የእሱን ቁጥር ብቻ ድምፅ እንዲያሰማ ማድረግ ይቻላል። እዚያው ያለውን ማኅበርዎን ወይም እድርዎን አይራቁ፤ እንደ እርስዎ በስልክ ላይ የሚያነጋ ሰው እዚያ አያጡም። ሁለት ጊዜ ደኅና ነው የተባለ ልብ ለሦስተኛው ዋስትና አይሆንም፤ ሕመሙ ደረትን ጨምቆ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደና ላብ ካጠመቀዎ፣ ጭንቀት ነው ብለው ሳይተዉት 911 ይደውሉ።